ስለ ሪዝሊንግ ጠይቁኝ፦ የጀርመኑ ነጭ ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር ይስማማል?

ራይንጋው በሚባለው የጀርመን ወይን አብቃይ አካባቢ፣ ወይን መሸጫ ነው የምሠራው፤ ከሁሉ የምወደው ሪዝሊንግን ነው። የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁ፣ እመልሳለሁ።

ሪዝሊንግ ጣፋጭ አይደል እንዴ? እኔ ጣፋጭ ወይን አልወድም።

ሪዝሊንግ የወይኑ ዘር ስም ነው፤ ድራይም (ጣፋጭነት የማይሰማበት) ጣፋጭም ይወጣዋል። ጠርሙሱ ላይ «ትሮክን» የሚል ካየህ ድራይ ነው፤ ስኳሩ በሊትር ከ9 ግራም አይበልጥም። «ሃልብትሮክን» እስከ 18 ግራም ሊደርስ ይችላል። «ፋይንሄርብ» በሕግ የተወሰነ ልክ የለውም፤ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት አለው። ምንም ካልተጻፈ የአልኮሉን ቁጥር ፈልግ። 8 ወይም 9 በመቶ ከሆነ የፍሬው ስኳር ሁሉ ወደ አልኮል አልተለወጠም፣ ስለዚህ ይጣፍጣል። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድራይ ነው። እኔ ጠርሙስ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ይህችን ቁጥር ነው።

ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉትስ የጣፋጭነት ደረጃ ናቸው?

ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል እንደበሰለ ነው የሚናገሩት። ካቢኔት ቀላሉ ነው፣ ሌሎቹ እየበሰሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሽፔትሌዘ ሆኖ ትሮክን የሆነም ታገኛለህ።

ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው። ለፋሲካ ጀርመናውያን ጎረቤቶቻችንን ጠርተናል፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ቀይ ወይን ላቅርብ?

እህቴ፣ ቀዩን ተይው። አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ የቀዩ መጎምዘዝም ከቅመሙ ጋር ሲገናኝ መራራ ይሆናል። የሞዘል (ሌላው የጀርመን ወይን አብቃይ አካባቢ ነው) ካቢኔት ግዢ፤ «ትሮክን» የማይል፣ አልኮሉ 8 ወይም 9 የሆነ። ስኳሩ በርበሬውን ያበርደዋል፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ የቅቤውን ቅባት ከአፍ ያነሳዋል። ጠጅ ከወጥ ጋር የሚስማማውም በጣፋጭነቱ ነው። እንግዶችሽ አንዴ እንደጎረሱ ወዲያው ይጎንጩ፤ ከምላስ ላይ ቃጠሎው ሲነሳ ይሰማቸዋል። ጥሬ ክትፎ ካለ ግን ሚጥሚጣው ቀነስ ይበል እንጂ ድራዩም ይሄዳል።

ጀርመኖቹ ራሳቸው ከምን ጋር ይጠጡታል?

በቅቤ ከተጠበሰ ትራውት ዓሣ ጋር ድራዩን። በጸደይ ነጩ አስፓራገስ የሚባለው አትክልት ሲደርስ (ለቀማው እስከ ሰኔ 24 በፈረንጆቹ ነው) ቀለል ያለ ትሮክን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ለአስፓራገስ ግን ዚልቫነር የሚባለውን ሌላውን ነጭ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የአሳማ ጥብስ ከኮመጠጠ ጎመን ጋር ከሆነ ሃልብትሮክን። የበሬ ስቴክ ላይ አልመክርም።

የሞዘልና የራይንጋው ልዩነት በእርግጥ ይታወቃል?

በደንብ። ሞዘል ላይ ወይኑ የሚበቅለው ገደል በሚያክል ዳገት ላይ ነው፤ ብሬም አጠገብ ያለው ካልሞንት ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል፣ ሥራው በአመዛኙ በእጅ ነው። መሬቱ እንደ ቅጠል የተነባበረ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለተክሉ ይመልስለታል። ፍሬው በቀዝቃዛው አገር ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱ ሳይጠፋ ሽታው ይዳብራል። ራይንጋው ላይ የራይን ወንዝ ወደ ምዕራብ ስለሚታጠፍ ዳገቱ ፊቱን ወደ ደቡብ ፀሐይ ያዞራል፤ ወይኑም ሞላ ያለ ነው። ዓሣና አትክልት ላይ ሞዘልን፣ በክሬም በተሠራ ዶሮ ላይ ራይንጋውን አቀርባለሁ።

የቆየ ጠርሙስ ከፍቼ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሪዝሊንግ ሲያረጅ የሚያመጣው ሽታ ነው፤ ፍሬው ብዙ ፀሐይ ካገኘ ይበረታል። አይድፉት፣ ከጠነከረ አይብ ጋር ይሞክሩት።

በምን ያህል ቅዝቃዜ ልጠጣው?

ከ8 እስከ 10 ዲግሪ። በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይታፈናል፤ ከፍሪጅ አውጥተህ ጥቂት አቆየው። የተረፈውን ከድነህ ወደ ፍሪጅ መልሰው፤ ሦስት አራት ቀን አይበላሽም።