እናቴን በዚህ ብርድ ስቶንሄንጅ ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ለንደን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ ጥር ድረስ እኔ ጋር ናት። ቴሌቪዥን ላይ አይታው ነው መሰለኝ፣ «ያን የድንጋዩን ቦታ ሳታሳዪኝ እንዳትሸኚኝ» ብላ ይዛኛለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ብርድም አትችልም። ጓደኞቼ ደግሞ «በዲሴምበር ድንጋይ ለማየት ማን ይንቀጠቀጣል?» እያሉ ያሾፉብኛል። ምን ትሉኛላችሁ?
ሰ. ነኝ

መልስ፦ ውሰጃቸው እንጂ! ጓደኞችሽን ተያቸው። ስቶንሄንጅ በደቡብ እንግሊዝ ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው የቆሙ የጥንት ድንጋዮች ያሉበት ቦታ ነው። ትልልቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ አቋቋማቸው በዲሴምበር ቀኑ እጅግ ከሚያጥርበት ዕለት የፀሐይ መጥለቂያ ጋር እንዲገጥም ነው። በሰኔ የሚጎርፈው ሕዝብ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ያያል፤ በአቅራቢያው ካለው የጥንት መንደር የተቆፈረው የአሳማ አጥንት ግን ትልቁ ድግስ በብርዱ ወራት እንደነበር ያሳያል። (እናትሽ ጾም ላይ ስለሆኑ የአሳማውን ነገር ዝለይው።)

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቀድመሽ ግን ትኬቱን በኢንተርኔት ቁረጪ፣ ምክንያቱም የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ዲሴምበር 25 ዝግ ነው። ደመና ከሆነ ደግሞ ያው ደመና ነው፣ እንግሊዝ አገር አይደል የምትኖሪው።

ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ እስከ ሶልዝበሪ፣ ለስቶንሄንጅ ቅርብ እስከሆነችው ከተማ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከጣቢያው የጎብኚዎች አውቶቡስ አለ። ለጉልበታቸው አትስጊ። ከመግቢያው እስከ ድንጋዮቹ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም የሚያመላልስ አውቶቡስ አለው። መጀመሪያ ሙዚየሙ ውስጥ ሞቅ ብሏችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ ውጡ።

ዋናው ጠላት ንፋሱ ነው። ቦታው ገላጣ ሜዳ ነው፣ የሚከልል ዛፍም ቤትም የለም። እናትሽ ጋቢያቸውን እንደማይተዉ አውቃለሁ፤ ይልበሱት፣ ግን ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ከላይ ይደረብበት። ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ የማያንሸራትት ጫማ። ሳሩ ጭቃ ነው። ሻይ በፔርሙዝ ያዢ፤ ካፌ ቢኖርም ለጾመኛ የሚሆን ምግብ ፍለጋ ከምትንከራተቱ ሽሮሽን ቋጥረሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ድንጋዮቹን መንካት አይቻልም፣ በገመድ ተከልሎ ዙሪያውን ነው የሚታየው። ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በዚያ ዕለት ማለዳ መሀላቸው መግባት በነጻ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በጨለማ መድረስና በሕዝብ መሀል ቆሞ መጠበቅ ስላለው ለእሳቸው አልመክርም።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስደንቀው፣ ጢያም ድንጋይ አለን» ካሉሽ፣ ክብደቱን ንገሪያቸው። ትልልቆቹ በአማካይ 25 ቶን ይመዝናሉ። ትንንሾቹ የመጡት ከዌልስ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነው። መሀል ላይ የተጋደመው ስድስት ቶን ድንጋይ ደግሞ ከሰሜን ስኮትላንድ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እንደመጣ የታወቀው ገና በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። በምን አጓጓዙት? እስካሁን ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፤ እናትሽም የራሳቸውን መላምት መጨመራቸው አይቀርም።