የጥንታዊት ሮምን ምስሎች ማንበብ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የታሪክና ቅርስ አስተዳደር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በጥንታዊት ሮም ሐውልቶች ላይ ያሉት ምልክቶች፣ ንስሩ፣ ዶልፊኑ፣ የወይራ ዝንጣፊው፣ ልቤን ወስደውታል። ትርጉማቸውን ከኢንተርኔት እየለቀምኩ በደብተር እጽፋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ይህ ምን ሥራ ያስገኝልሻል? አካውንቲንግ ግቢ» ይሉኛል። በዚህ ሙያ መኖር ይቻላል? ከተቻለስ ከየት ልጀምር? (ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ የትምህርት ክፍልሽን አትቀይሪ። እዚህ ደርሰሽ እንደገና ከዜሮ መጀመር ዓመታት ያስከፍልሻል፤ የምትወጂው ነገር ደግሞ አሁን ከምትማሪው ጋር አይጣላም። የቤተሰቦችሽ ጥያቄ ግን የሚናቅ አይደለም። «የሮማን ምልክት ተርጓሚ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ የትም አታገኚም። ሙዚየሞች፣ የቅርስ መሥሪያ ቤቶችና የምርምር ፕሮጀክቶች የሚቀጥሩት አንድን ዕቃ አይቶ በትክክል የሚገልጽ፣ ዘመኑንና የመጣበትን ቦታ የሚያጣራ፣ «ይህ ምስል ይህን ይላል» ሲል ማስረጃውን አብሮ የሚያቀርብ ሰው ነው። ይህን ሙያ ለመማር ሮም የተመቸች ናት፤ ምስሉም ብዙ ነው፣ ስለ ምስሉ የተጻፈውም በብዛት ተርፏል።

ስለዚህ ደብተርሽን አትጣይው፤ አያያዙን ግን ለውጪው። «ዶልፊን ማለት የፍቅር አምላክ ቬነስ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1863 ከሮም ወጣ ብሎ በፕሪማ ፖርታ የተገኘውን፣ አሁን በቫቲካን ሙዚየም ያለውን የመጀመሪያውን የሮም ንጉሠ ነገሥት የአውግስጦስን የእብነ በረድ ሐውልት ተመልከቺ። በቀኝ እግሩ አጠገብ ዶልፊን የሚጋልብ ሕፃን ኩፒድ አለ። ኩፒድ የቬነስ ልጅ ነው፤ አውግስጦስ የገባበት የዩሊየስ ቤተሰብ ደግሞ የእሷ ልጅ በሚባለው በትሮያው ጀግና በኤኔያስ በኩል የዘር ሐረጉን ከቬነስ ይቆጥር ነበር። እዚህ ላይ ዶልፊኑ ስለ ትውልድ ይናገራል። በሮም የወደብ ከተማ በኦስቲያ፣ በባሕር አምላክ በኔፕቱን ስም በሚጠራው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚዋኙት ዶልፊኖች ግን የኔፕቱን ባሕር አካል ናቸው፤ ስለ ማንም የዘር ሐረግ አያወሩም። እንስሳው አንድ ነው፤ ቦታው፣ ባለቤቱና አጠገቡ ያለው ምስል ሲለወጥ ንግግሩም ይለወጣል።

የዚያኑ ሐውልት የደረት ጥሩር ደግሞ ቀረብ ብለሽ እዪው። መሐል ላይ የሮም ባላንጣ ከነበረችው ከፋርስ ምድር ግዛት ከፓርቲያ የመጣ አንድ ሰው ንስር ያለበትን የጦር ዓርማ ለአንድ ሮማዊ ያስረክባል። ሮማዊው የጦር አዛዥ ክራሰስ በ53 ከክርስቶስ ልደት በፊት በካራይ ጦርነት ያስማረከው ዓርማ በ20 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲመለስ መሆኑ ነው። ዓርማው የተመለሰው በድርድር ነበር። ቀራጩ ግን በዙሪያው ፀሐይን፣ ሰማይንና ምድርን አሰልፎ፣ የተገዙ ሕዝቦችን በሴት አምሳል ጎን ለጎን አስቀምጦ ርክክቡን ዓለም ሁሉ የመሰከረለት ድል አደረገው። የጦርነቱን ታሪክ ሳታነብቢ ይህን ማየት አትችዪም። ሥራው የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የምመክርሽ የራስሽን ዓይን እንድትጠነቀቂ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየን ያደግን ሰዎች እባብ ስናይ የምናስበው ይታወቃል። በጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ፣ ቬቲ የሚባሉ ነፃ የወጡ ባሮች በነበሩበት ቤት ግን የቤቱ ጸሎት ሥፍራ ላይ ከታች ትልቅ እባብ ወደ መሠዊያ ሲሳብ ተሥሏል፤ ያ እባብ ቤቱን የሚጠብቅ መልካም መንፈስ ነው። ማንኛውንም ምስል ስትገልጪ መጀመሪያ የምታዪውን ብቻ ጻፊ፤ ትርጉሙን ለሁለተኛው አንቀጽ አቆዪው። ሙዚየም ውስጥ የመጀመሪያ ሥራሽ የሚሆነው ይኸው ገለጻ ነው።

ትርጉሙ የማይቆረጥባቸውን ምስሎችም አትሽሺ። በ9 ከክርስቶስ ልደት በፊት በተመረቀው የአውግስጦስ የሰላም መሠዊያ ላይ፣ ሁለት ሕፃናት ያቀፈች፣ ጭኗ ላይ ፍራፍሬ፣ እግሯ ሥር ላምና በግ ያሉባት ሴት ተቀርጻለች። ምድር ናት የሚሉ አሉ፤ ኢጣሊያ፣ ሰላም፣ ቬነስ፣ የእህል አምላክ ሴሬስ የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚያቀርቡት ማስረጃ አላቸው። እኔ ቀራጩ ሆን ብሎ ከአንድ በላይ እንድትሆን ያደረጋት ይመስለኛል። ለቅጥር ፈተና ወይም ለነፃ ትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ጠያቂዎቹን የሚማርካቸው የክርክሩን ሁሉንም ወገን አስረድተሽ የትኛውን ለምን እንደመረጥሽ መናገርሽ ነው።

አሁን «ከየት ልጀምር» ላልሽው፦ ከሳንቲም ጀምሪ። ሐውልቱን ለማየት ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ሳንቲሙን ግን በስልክሽ ማየት ትችያለሽ። በኒው ዮርክ ያለው የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር «ኦንላይን ኮይንስ ኦፍ ዘ ሮማን ኢምፓየር» የሚባል ካታሎግ ያለ ክፍያ ከፍቷል፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብም እንዲሁ በነፃ ይታያል። ሳንቲም ላይ ምስሉና ጽሑፉ አብረው ስላሉ ለጀማሪ ግምቱን ይቀንስለታል። አዞ ተቀርጾ «ግብፅ ተያዘች» የሚል በላቲን የተጻፈበትን የአውግስጦስ ሳንቲም ፈልጊ፤ እዚያ ላይ አዞው ማን እንደሆነ አያከራክርም።

ከሁሉም ግን ሮማዊው ፖለቲከኛ ብሩቱስ ከግብረ አበሮቹ ጋር ዩሊየስ ቄሣርን ከገደለ በኋላ ያስመታውን ሳንቲም አጥኚ። በአንድ ገጽ የራሱ መልክ፣ በሌላው ሁለት ጩቤና በመሐላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ አለ፤ ከሥሩ ግድያው የተፈጸመበት የመጋቢት ቀን ተጽፏል። የታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ ይህንኑ ሳንቲም ጠቅሶ አገሪቱን ነፃ አወጣን ማለቱ እንደሆነ ያስረዳል። ምስል፣ ጽሑፍና የታሪክ ምስክር በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ማየት ለተማሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ይኸው ሳንቲም ስለ ሥራ ገበያውም ያስተምርሻል። ከወርቅ ከተሠሩት ጥቂቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ላይ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ለሽያጩ የቀረበለት የባለቤትነት ታሪክ ሐሰት መሆኑ በኋላ ተደርሶበት በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። አንድ ቅርስ ከየት ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ ብሎ ማጣራት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ቅርሶቿ በየሙዚየሙ ለተበተኑባት አገራችን ይህ ሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ለአንቺ አልነግርሽም።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ደግሞ ቅርብሽ ያለው አክሱም ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ እንድቢስ ሳንቲም ሲያስመታ ጽሑፉ በግሪክኛ ነበር፤ መልኩን ግን በሁለት የእህል ዛላዎች አስከበበ፣ ከራሱ በላይ ክብና ጨረቃ አስቀመጠ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዒዛና በክቡና በጨረቃው ቦታ መስቀል አስገባ። አክሱም ከሮም የሳንቲም ልማድ ምን ወሰደች፣ ምንስ የራሷን አቆየች? በአንድ ንጉሥ ሳንቲሞች ብቻ ወስነሽ ይህን ብትሠሪ ሮምን ሳትተዪ አማካሪ መምህርሽ ሊያግዙሽ የሚችሉበት ርዕስ ይኖርሻል። ዕቃዎቹም አዲስ አበባና አክሱም ሙዚየሞች አሉ። ማንም ሌላ አመልካች በቀላሉ የማያገኘው ብልጫ ይህ ነው።

ለቤተሰቦችሽም ይህን ንገሪያቸው፦ ስትመረቂ የመጀመሪያ ገቢሽ ከቅርስ ምዝገባ፣ ከሙዚየም፣ ከአስጎብኚነት ወይም ከማስተማር ይመጣል፤ ሮም ላይ የምታተኩሪው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ከአካውንታንት ሊያንስ ይችላል፤ አትደብቂያቸው። የኤክሴል ሠንጠረዥና የዳታቤዝ አያያዝ ዛሬውኑ ተማሪ፤ ካታሎግ የሚሠራ ሰው ውሎው እዚያ ላይ ነው።

ላቲን አሁን ጀምሪ፤ በሳንቲም ላይ ያሉት ጽሑፎች አጫጭርና ተደጋጋሚ ስለሆኑ በየቀኑ ትንሽ ብትሠሪ ሳይቆይ ማንበብ ትጀምሪያለሽ። ጣሊያንኛ ቀጥሎ ይምጣ። በጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪም ክፍት የሆነ፣ በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ የክልል ድጎማ አለ፤ ሮም ላይ የሚሰጠው ላዚዮ ዲስኮ የሚባለው የክልሉ መሥሪያ ቤት ነው። ማመልከቻው ከዩኒቨርሲቲው ቅበላ የተለየ መሆኑን ብዙዎች ዘግይተው ነው የሚያውቁት። የገቢ ማስረጃው መተርጎምና በጣሊያን ኤምባሲ መረጋገጥ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ወረቀቱን ማሰባሰብ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ወራት ቀደም ብለሽ ጀምሪ።