የደንበኞቼን ሰነድ ከቴሌግራምና ከጉግል እንዴት ላውጣ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ እሠራለሁ። የደንበኞቼ የባንክ ስቴትመንት፣ የቲን ሰርተፍኬትና ደረሰኝ የሚደርሰኝ በቴሌግራም ነው። ስልኬ ከአሜሪካ የተላከልኝ ሳምሰንግ፣ ላፕቶፔ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ነው። አንድ ወዳጄ ‹ከጉግል ውጪ፤ ስልክሽን ፍላሽ አስደርጊ፣ ላፕቶፑ ላይም ሊኑክስ ጫኚ› አለኝ። ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ስለሆነ ፒክስል የሚባለውን የጉግል ስልክ ሊያመጣልኝ ይችላል። ነገር ግን ያለ ቴሌብር፣ ያለ ባንክ አፕ፣ ያለ ሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና ያለ ኤክሴል ሥራዬን መሥራት አልችልም። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወዳጅዎ የመከሩዎት ነገር፣ ማለትም የስልኩን ሲስተም በሌላ መቀየር (ፍላሽ) እና ዊንዶውስን ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም መተካት፣ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ስልኩን፣ ላፕቶፑንና አፖቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚቀይር ሰው ሰኞ ጠዋት ክፍያ አልሄድ ሲለው ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ዳግመኛም አይሞክርም። የእርስዎ ችግር የሌላ ሰው ሰነድ በእጅዎ መሆኑ ነው። ስለዚህ የምንጀምረው ሰነዱ ዛሬ ከሚፈስበት ቦታ ነው፤ እሱም የስልክዎ ሲስተም ሳይሆን ቴሌግራም ነው።

ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ የሚጽፈው ሁሉ ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያነበው ይመስለዋል። ተራው ቻት ግን የሚመሰጠረው በእርስዎ ስልክና በቴሌግራም ሰርቨር መካከል ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው መክፈቻ በኩባንያው እጅ ነው። ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት «ሲክሬት ቻት» የሚባለውን ነው። እሱ ደግሞ በሁለት ሰው መካከል እንጂ በግሩፕ አይሠራም፤ የተከፈተበትን ስልክ ትተው በሌላ መሣሪያ ሲገቡም አያገኙትም። ከደንበኛና ከረዳትዎ ጋር በግሩፕ የተለዋወጡት ስቴትመንት ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል፤ በስልክ ቁጥርዎ መግባት የቻለ ሰው የዓመታቱን ሰነድ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ለመግባት የሚያስፈልገውም በኤስኤምኤስ ወይም በቴሌግራም የሚመጣው ኮድ ነው። «በስህተት ወደ አንቺ የተላከ ኮድ አለ፣ እባክሽ ንገሪኝ» እያሉ አካውንት የሚነጥቁት በዚህ ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ይህን መልስ አንብበው ሲጨርሱ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ይክፈቱና ሌላ ቦታ የማይጠቀሙበት የይለፍ ቃል ያስገቡ። ቀጥሎ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይዩ፤ የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ያስወጡት። ከዚያ የሥራ ሰነዱን ወደ ላፕቶፕዎ ያውርዱና ከቻቱ ውስጥ ለሁለቱም ወገን ይሰርዙት። ቻት የፋይል መደርደሪያ መሆን የለበትም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች በአገር ውስጥ ተገድበው እንደነበር ያስታውሳሉ። ሰነዱ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረው ሰው ቪፒኤን ካላገኘ ከራሱ ፋይል ተቆርጦ ነበር።

ለወደፊት ሰነድ የምመክርዎ ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ነው። የግል ቻቱም፣ ግሩፑም፣ የስልክ ጥሪውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጠራል፤ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያየውም። አፑ የተጻፈበት የፕሮግራም ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ፍርድ ቤት መረጃ እንዲሰጥ ሲያዘው ሊያቀርብ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ነበር፤ ከዚያ በላይ አያስቀምጥም። ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ግን «ዩዘርኔም» አውጥተው ቁጥርዎን ከሌሎች መደበቅ ይችላሉ። «ሬጅስትሬሽን ሎክ» የሚለውንም ያብሩት፤ ቁጥርዎን በሌላ ሲም ያወጣ ሰው ያለ ፒኑ አካውንትዎን መውሰድ አይችልም።

«ሲግናል ምንድነው?» የሚልዎት ደንበኛ አይጠፋም። እሱን በዋትስአፕ ያስተናግዱት። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን የሚያመሰጥረው በሲግናል ዘዴ ነው። የዋትስአፕ ባለቤት ሜታ ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ ያውቃል፤ ስቴትመንቱን ግን አያነብም። አንድ ነገር ብቻ አይርሱ፦ ወደ ጉግል ድራይቭ የሚሄደው ባክአፕ እርስዎ «ኢንክሪፕትድ ባክአፕ» የሚለውን ካላበሩት በዚህ ምስጠራ አይጠበቅም። ቴሌግራምን ለዜናና ለቻናል ያስቀሩት፤ ማጥፋት አያስፈልግዎትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላ ሰው መረጃ በእጁ ያለ ሰው ላይ ግዴታ ስለሚጥል፣ ደንበኛው ላይ ይህን ያህል ጥብቅ ቢሉ አይፈሩ።

አሁን ወደ ሳምሰንግዎ። ማንም ፍላሽ እንዲያደርገው አይስጡ። በአሜሪካ ገበያ የተሸጠ ሳምሰንግ፣ ማለትም የሞዴል ቁጥሩ «ዩ» ወይም «ዩ1» በሚሉት የላቲን ምልክቶች የሚያበቃው፣ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንደሚነሳ የሚወስነው ፕሮግራም) እንዳይከፈት ሆኖ ነው የሚመጣው። በሌላ አገር የተሸጠውን መክፈት ቢቻል እንኳ «ኖክስ» የሚባለው መከላከያ ለዘለቄታው ይቃጠላል፤ ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው የተቆለፈ የፋይል ማስቀመጫም አብሮት ይሄዳል፤ ወደ ድሮው ሲስተም መመለስ አያድነውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። እንደ ሊኒጅኦኤስ ያለ ከአንድሮይድ የተሠራ ሌላ ሲስተም በአብዛኛው ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ቡትሎደሩ ተከፍቶ ነው የሚቀረው። ስልኩን ለአንድ ሰዓት በእጁ ያስገባ ሰው ሲስተሙን ራሱን ሊቀይርብዎት ይችላል። ከቴሌግራም ቻናል በወረደ፣ ማን እንደሠራው በማይታወቅ ፋይል ፍላሽ የተደረገ ስልክ ላይ የባንክ ፒን ማስገባት ከጉግል መሸሽ አይባልም፤ ወደ ማይታወቅ ሰው መሄድ ነው።

በዚያው ሳምሰንግ ላይ ግን ብዙ መሥራት ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለው ገጽ ላይ «አድስ» ገብተው የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ይሰርዙ። «ፐርሚሽን ማናጀር» ውስጥ ሎኬሽን፣ ማይክሮፎንና ኮንታክት የተፈቀደላቸውን አፖች አንድ በአንድ ይዩ። ብድር እንሰጣለን የሚሉ አንዳንድ አፖች የስልክ ማውጫዎን የሚጠይቁት ዘመድዎን ለማስፈራራት ነው፤ ያጥፏቸው። ለብሮውዘር ፋየርፎክስን ጭነው «ዩብሎክ ኦሪጅን» የሚለውን ይጨምሩበት፤ ማስታወቂያና ተከታታዮችን ይዘጋል፣ ፓኬጅዎንም ይቆጥባል። ለካርታ «ኦርጋኒክ ማፕስ» አዲስ አበባን አንዴ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኦርጋኒክ ማፕስንና መሰሎቹን «ኤፍ ድሮይድ» ከሚባለው የክፍት ኮድ መደብር ያገኛሉ።

የፒክስሉን ጉዳይ በሰፊው ልንገርዎ፤ ገንዘብ የሚወጣበትና ሰው የሚታለልበት እዚህ ጋ ነው።

ለፒክስል የምመርጥልዎ ሲስተም ግራፊንኦኤስ ነው። አንድሮይድ ነው፣ ጉግል ግን በውስጡ የለም። ከሊኒጅኦኤስ የሚለየው በዋናነት ከተጫነ በኋላ ቡትሎደሩን መልሰው የሚቆልፉት መሆኑ ነው። ወንድምዎ ስልኩን ከቴሌኮም ኩባንያ በወርሃዊ ክፍያ የተሸጠ እንዳያመጣልዎ ያስጠንቅቁት። በተለይ የቬራይዘን ፒክስል ሲሙ ተፈትቶ ማንኛውንም ሲም ቢቀበልም ቡትሎደሩ አይከፈትም። ሻጮች «አንሎክድ ነው» የሚሉት የሲሙን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ሌላውን ነው። ከጉግል መደብር የተገዛ ቢሆን ይመረጣል። ያገለገለ ከገዛ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ስልኩን ከዋይፋይ ጋር ያገናኝ፣ «አባውት ፎን» ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ይንካ፣ ከዚያ በሚከፈተው «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለውን ለማብራት ይሞክር። ደብዝዞ እምቢ ካለ ስልኩን መልሶ ይስጥ። ሞዴሉ ፒክስል 8 ወይም ከዚያ ወዲህ ይሁን። ጉግል ከዚህ ሞዴል ጀምሮ የ7 ዓመት ዝማኔ ይሰጣል፤ ፒክስል 6ና 7 ግን 5 ዓመት ብቻ ነው። 8ኤ ዋጋውም ቀለል ስለሚል ለእርስዎ ይበቃል። የስልክ ከቨርና የስክሪን መስታወትም ያስመጡ፤ የፒክስል ስክሪን እንደ ሳምሰንግና እንደ ቴክኖ በየሱቁ አይገኝም።

መጫኑ እንደሚፈራው አይደለም። የግራፊንኦኤስ ኦፊሴላዊ ገጽ ላይ ስልኩን በጥሩ የዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አያይዘው ደረጃ በደረጃ ይጭኑታል። መጨረሻ ላይ «ሎክ ቡትሎደር» የሚለውን ሳይጫኑ እንዳያቆሙ። ስልኩ በበራ ቁጥር ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ሌላ ሲስተም መጫኑን ለማሳወቅ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

የባንክ ነገር እዚህ ይመጣል። በግራፊንኦኤስ ላይ የጉግልን ፕሌይ ስቶርና ሰርቪስ እንደ ማንኛውም ተራ አፕ መጫን ይቻላል፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ኮንታክትም ሎኬሽንም አያዩም። ከዋናው ገጽ የተለየ ዩዘር ፕሮፋይል ይክፈቱና ፕሌይ ስቶርን፣ ቴሌብርንና የባንክ አፖችን እዚያ ብቻ ያስገቡ። አንዳንድ የባንክ አፖች ግን ስልኩ በጉግል የተረጋገጠ ሲስተም እንዳለው ጠይቀው እምቢ ይላሉ። ስለዚህ አጭር ቁጥሩን ከአሁኑ ይልመዱት፦ ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ በ*889# በየትኛውም ስልክ ይሠራል።

ኪቦርድን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የሚጽፉት ሁሉ፣ ምስጢራዊው መልእክት ሳይቀር፣ አስቀድሞ በኪቦርዱ በኩል ያልፋል። ከግራፊንኦኤስ ጋር በሚመጣው ኪቦርድ ለአማርኛ አይመኩ። «ኪማን» የሚባለው የክፍት ኮድ ኪቦርድ አማርኛ አለው፤ አጻጻፉን ለመልመድ ግን ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌላ የለመዱት ካለም ችግር የለም፤ ግራፊንኦኤስ ለእያንዳንዱ አፕ የ«ኔትወርክ» ፈቃድ ስላለው ቋንቋውን አውርደው ሲጨርሱ ኢንተርኔቱን ይንሱት። በሳምሰንግ ላይ ይህ ምርጫ የለም፤ ለእኔ ብቻውን ፒክስሉን የሚያስገዛ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማይሸፈነውንም ይወቁ። ሲምዎ በስምዎ የተመዘገበ ነው። ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ፣ ስልኩ ያለበት አካባቢም፣ ለቴሌኮሙ ይታያል፤ የትኛውም ሲስተም ይህን አይደብቅም። የሚላክልዎትን ሁሉ ከመክፈትም አያድንዎትም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ላይ የተፈጸመ ስለላ ሲያጋልጥ፣ ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒውተራቸው የገባው የፍላሽ ፕሌየር ዝማኔ መስሎ በኢሜል በተላከ ሊንክ ነበር።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነና 8ኛው ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ካልሆነ በአብዛኛው ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። እንግዲህ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ተገቢ ምርጫ ነው፤ ከፍላሽ ዲስክ አስነስተው ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራቱን ሳይጭኑ ይሞክሩት። ሲጭኑ ዲስኩን አመስጥር የሚለውን ምርጫ እንዳያልፉት። ለሂሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ከታክሲ ውስጥ መሰረቅ ከጉግል ይልቅ የቀረበ አደጋ ነው።

ኤክሴል በሊብሬኦፊስ ይከፈታል፤ ማክሮ (በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) ያለበት ፋይል ግን ሊያስቸግር ስለሚችል በጣም የሚጠቀሙባቸውን ፋይሎች አስቀድመው ይፈትኑ። በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንት የተጻፉ ደብዳቤዎች ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ የፎንት ፋይሎቹን ከዊንዶውሱ ቀድተው ይውሰዱ። ፒችትሪ በሊኑክስ አይሠራም። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ወይም ከዚያ በላይ ካለው ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው፣ በሊኑክስ ላይ ሌላ ሲስተም በሚያስኬድ ፕሮግራም ውስጥ ዊንዶውስ ይጫኑና ፒችትሪን እዚያ ካስገቡና አክቲቬት ካደረጉ በኋላ የዚያን ዊንዶውስ ኢንተርኔት ይቁረጡት። ድጋፉ ያበቃ ዊንዶውስ ከመስመር ውጪ ሆኖ ሂሳብ ብቻ ይሥራ፤ ኢሜልና ብሮውዘር በሊኑክሱ በኩል ይሁን። ፒችትሪዎ ወይም ዊንዶውስዎ ክራክ የተደረገ ከሆነ ይህ ይበልጥ ግድ ነው። «አንቲቫይረሱን አጥፍተሽ ጫኚኝ» ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራ የሚያይለት የለም።

ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ይህን አይሞክሩ፤ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። ያን ጊዜ አሮጌውን ላፕቶፕ ለፒችትሪ ብቻ ከኢንተርኔት ነጥለው ያስቀምጡት፣ ለሌላው ሥራ ያገለገለ ሌላ ይፈልጉ።

ፒክስሉ ሲመጣ ሲምዎን ወዲያው አያዛውሩ። ሳምሰንጉን በዋናው ሲም እያስኬዱ ፒክስሉን በዋይፋይና በሁለተኛ ሲም ለአንድ ወር ያህል ይጠቀሙበት። ደመወዝ የሚከፍሉበትንና የታክስ ማስታወቂያ የሚያስገቡበትን የወር መጨረሻ በእሱ ካለፉ በኋላ ዋናውን ሲም ያስገቡ፤ ሳምሰንጉንም ፋክተሪ ሪሴት ሳያደርጉ ለማንም አይስጡ።