ግብ ከመጻፋችሁ በፊት ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ውድ ወጣቶች፣

ይህ ደብዳቤ በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር) ውስጥ ኮድ ማበርከት ጀምራችሁ፣ አሁን ደግሞ «በሚቀጥለው ግማሽ ዓመት ምን እንሥራ?» በሚለው ውይይት ላይ ድምፃችሁ መሰማት ለጀመረው ለእናንተ ነው። ኮዱን በራሳችሁ ትማሩታላችሁ። ግብ ማውጣት ግን ቀላል ስለሚመስል ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምራችሁም፤ ብዙ ጥሩ ፕሮጀክት የሚደክመውም እዚያ ላይ ነው።

ደመወዝ በሚከፈልበት ቤት አለቃ ግብ ያወጣል፣ ሠራተኛው ይፈጽማል። በኦፕን ሶርስ ማንም ማንንም አያዝም። አንዱ ከሥራ ሲመለስ ማታ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሌላው ቀጣሪው ለራሱ የሚያስፈልገውን እንዲሠራ የመደበው ነው። ስለዚህ የጋራ ግብ ትእዛዝ መሆን አይችልም፤ ምኞት ሆኖ ከቀረም ማንንም አይጠቅም። እኔ የማውቀው አንድ የሚሠራ ትርጉም ብቻ ነው፦ የጋራ ግብ ማለት ኮድ የሚመረምሩት ሰዎች ጊዜያቸውን በምን ላይ እንደሚያውሉ የተስማሙበት ውል ነው።

ለምን የሚመረምሩት አልኩ? ኮድ የሚጽፍ አይጠፋም። ጽሑፉን አንብቦ፣ ጥያቄ ጠይቆ፣ መርጅ የማድረግ (ከዋናው ኮድ ጋር የማዋሐድ) ሥልጣን ያላቸው ሜይንቴነሮች ግን ሁልጊዜ ጥቂት ናቸው። ግቡ ሲታወጅ ያየ አንድ ትጉ ወጣት በሁለት ሳምንት 2,000 መስመር ጽፎ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ እንዲዋሐድ የሚቀርብ ጥያቄ) ይከፍታል። የሚያየው ሰው የለም። በሦስተኛው ወር የፕሮጀክቱ ኮድ ተለውጦ ሥራው ከዋናው ቅርንጫፍ (ከዋናው የኮድ ቅጂ) ጋር ይጋጫል፤ አስተካክሎ ይልካል፤ አሁንም ዝምታ ነው። ከዚያ ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ «ግቡ ያልተሳካው ሠሪ ስላላገኘን ነው» ይባላል። ሠሪ ግን መጥቶ ነበር። የጠፋው ሥራውን አየዋለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ነው።

እንግዲህ ሐሳብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሰዓት ቁጠሩ። ለምሳሌ 6 ሜይንቴነሮች አሏችሁ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በሳምንት 5 ሰዓት ይሰጣሉ። 30 ሰዓት በሳምንት፣ በ26 ሳምንት 780 ሰዓት። ግማሹን ለዕለት ተዕለት ሥራ ተዉት፤ ባግ (የኮድ ስሕተት) ማረም፣ የደኅንነት ቀዳዳ መድፈን፣ ሪሊዝ (አዲስ እትም) ማውጣት፣ ከግቡ ውጭ የሚመጡ ፑል ሪኩዌስቶችን ማየት። 390 ቀረ። ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛውን ለሕመም፣ ለፈተና፣ ለሥራ ለውጥ ቀንሱ፤ 312 ይሆናል። አሁን አንድ መካከለኛ ግብ 40 ፑል ሪኩዌስት ቢፈልግና አንዱን መመርመር አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 60 ሰዓት ነው፤ በዲዛይን ላይ ለሚደረግ ውይይት 20 ጨምሩ፣ 80። ስለዚህ አቅማችሁ 3 ግብ ነው። የተረፈውን 72 ሰዓት አራተኛ ግብ አታድርጉበት፤ ያልታሰበ ነገር መምጣቱ አይቀርም። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። የራሳችሁን ለማግኘት ያለፉትን ስድስት ወራት መርጅ የተደረጉ ፑል ሪኩዌስቶች አውጥታችሁ ማን ምን ያህሉን እንደመረመረ ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ሰው ከገመተው ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ድምሩ ቢበቃም ክፍፍሉ ላይበቃ ይችላል። ከ6ቱ የዳታ ማከማቻውን ክፍል የሚያውቁት ሁለት ብቻ ከሆኑና ሦስቱም ግቦች ያንን ክፍል የሚነኩ ከሆነ፣ የሌሎቹ አራት ሰዎች ሰዓት አይረዳችሁም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግብ አጠገብ የሰው ስምና የሰዓት መጠን ይጻፍ።

የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረው አሠራር ይህን በሚገባ ያሳያል። ለዚያ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ 26 ግቦች ተቀበለ፤ ከእነሱም 3ቱን ዋና አደረጋቸው። እያንዳንዱ ግብ ኃላፊ አለው፤ ከየቡድኑ ምን እንደሚጠበቅም ተዘርዝሮ ይጻፋል። 26 ብዙ ይመስላል፤ ረስት ግን ሥራውን በብዙ ቡድን የሚከፋፈል ትልቅ ፕሮጀክት ነው። የዴስክቶፕ ሶፍትዌር የሚሠራው ኬዲኢ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ማኅበረሰቡ ድምፅ ሰጥቶ 3 ግቦች መረጠ፤ ከዚያ ወዲህም በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንደገና ሦስት ሦስት ይመርጣል። ለናንተ መካከለኛ ፕሮጀክት ከ3 በላይ አልመክርም።

ስለ ግቡ አጻጻፍ። «ፍጥነቱን ማሻሻል» ግብ አይደለም፤ መቼ እንዳለቀ አይታወቅምና። «10,000 ፋይል ያለው ፕሮጀክት ሲከፈት የሚወስደውን 12 ሰከንድ ወደ 4 ሰከንድ ማውረድ» ግብ ነው። መለኪያውንም ከወዲሁ ወስኑ፦ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ዳታ፣ ስንት ጊዜ ተለክቶ። ነፃ የሲአይ (ኮድ በተለወጠ ቁጥር በራሱ የሚፈትሽ አገልግሎት) ማሽኖች ከሌሎች ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ ያው ኮድ ዛሬና ነገ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፤ አሥር ጊዜ አስሩጣችሁ ውጤቶቹን በመጠን ደርድራችሁ መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ፣ ከተቻለም አንድ የተለየ ማሽን ይኑራችሁ። የመነሻውን ቁጥር ሥራው ሳይጀመር ለኩ። ይህ ካልተደረገ በስድስተኛው ወር «ተሻሽሏል» እና «አልተሻሻለም» በሚሉ ሰዎች መካከል የሚፈርድ አይኖርም።

በግቡ ሰነድ ላይ «የማንሠራው» የሚል ክፍል ይኑር። ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው የኩበርኔቲስ ፕሮጀክት የማሻሻያ ሐሳብ ቅጽ ይህን ክፍል ከግቡ ጎን ለይቶ አስቀምጦታል፤ ከዚያ ቅጽ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል የምወስደው እሱን ነው። የፋይል መክፈቻውን ለማፍጠን የተጀመረ ሥራ «እግረ መንገዳችንን የፋይል ቅርጹንም እንቀይር» ሲባል በእጥፍ ያድጋል። የሚከለክለው ጽሑፍ አስቀድሞ ካለ ክርክሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ሐሳቡን ያመጣውም ሰው በግሉ አይቀየምም።

ስምምነቱ እንዴት ይገኝ? ሐሳብ የሚቀርብበት አራት ሳምንት፣ ውይይት ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ የመጨረሻ ተቃውሞ የሚሰማበት የተወሰነ ጊዜ ስጡ። በአፓቺ ፋውንዴሽን ሥር ባሉ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ድምፅ ቢያንስ ለ72 ሰዓት ክፍት ይሆናል፤ የረስት የመጨረሻ አስተያየት ጊዜ 10 ቀን ነው። ለስድስት ወር ግብ ረዥሙን ምረጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ኮምፒዩተር የሚከፍት በጎ ፈቃደኛም ይድረስ። በቪዲዮ ስብሰባ መነጋገር መልካም ነው፤ ውሳኔው ግን በጽሑፍ ይሁን። በስብሰባ ከተወሰነ የሚወስኑት በዚያ ሰዓት ያልተኙትና እንግሊዝኛ በፍጥነት የሚናገሩት ይሆናሉ። ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅም አያስፈልግም። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ የቆመበት መርሕ፣ ሁሉም ባይደሰት እንኳ እያንዳንዱ ተቃውሞ በቁም ነገር ታይቶ መልስ ካገኘ ሥራው ሊቀጥል ይችላል የሚል ነው። አንድ ተቃዋሚ ትክክለኛ ቴክኒካዊ ምክንያት ካለው ግን የሃያ ሰው ድጋፍ አይሽረውም።

አሁን በጣም ልታስቡበት የሚገባውን ልንገራችሁ። «እስማማለሁ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያየ ነገር ይሸከማል፦ ሐሳቡን አልቃወምም፤ ኮዱን እጽፋለሁ፤ ኮዱን እመረምራለሁ። በውይይት ላይ ሠላሳ ሰው አውራ ጣቱን ቢያነሣ ሠላሳውም የመጀመሪያውን ብቻ ማለታቸው ሊሆን ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩን የሚገምደው ሰው ግን በስሙ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጠይቁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቢያንስ አንድ አንድ ስም ያልተጻፈበት ሐሳብ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በዚህ ዙር ግብ አይሁን። በ«ወደፊት» መዝገብ ይቀመጥ፤ ይህን ለአቅራቢው በቀጥታና በአክብሮት ንገሩት።

ገንዘብ የሚከፍል ድርጅት ግብ ሲያመጣ አትሽሹት፣ አትጎምጁበትም። ሁለት ፕሮግራመር መደብኩ ቢላችሁ፣ የእነሱን ሥራ የሚመረምረው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሌላ ሰው ፑል ሪኩዌስትም እንዲመረምሩ ካልተስማማ፣ የመጣው እርዳታ በሜይንቴነሮቻችሁ ላይ የሚወድቅ ጭነት ነው።

ከውጭ ሰዎች ጋር የተያያዘ ግብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን 3ኛ እትም፣ ፓይተን 3፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ወጣ፤ የፓይተን 2 ድጋፍ ያበቃው ግን በጃንዋሪ 2020 ነው፤ መጀመሪያ የተቆረጠለት 2015 ተራዝሞ። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ድርሻ ቢጨርሱም፣ በላዩ የተገነቡት ላይብረሪዎች (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ ኮዶች) እስኪሻገሩ ተጠቃሚው መሻገር አልቻለም። የእናንተም ግብ እንዲህ ከሆነ «እኛ ጨረስን» እና «ተጠቃሚው ተሻገረ» የሚሉትን ለየብቻ ለኩ።

ለክትትል ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ለአንድ ግብ አንድ ኢሹ (በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ የሚከፈት የሥራ መዝገብ)፣ በወር አንድ ጊዜ አምስት መስመር። ኃላፊው ሁለት ወር ተከታትሎ ካልጻፈ በግል፣ በደግ ቃል ጠይቁት፦ «ጊዜ አጥተህ ከሆነ ለሌላ ሰው እናስተላልፈው ወይስ እንዝጋው?» ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሸክም ይቀልለዋል፤ ዝም ያለው አፍሮ ነውና። የተዘጋ ግብ በሪፖርቱ ላይ «ተዘግቷል» ተብሎ ከምክንያቱ ጋር ይጻፍ። ሳይዘጋ ለዓመታት ተንጠልጥሎ የሚቀር ግብ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ አዲስ መጪዎች በሕይወት ያለ መስሏቸው ጉልበታቸውን ያፈሱበታል።

ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ፕሮጀክት ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። አንድ ገጽ፣ አንድ ግብና «የማንሠራው» የሚለው ዝርዝር ይበቃል።

ገና አዲስ ከሆናችሁና ግብ ለማቅረብ ካልደፈራችሁ፣ ካሉት ግቦች አንዱን መርጣችሁ ወርኃዊውን ሪፖርት ለመጻፍ ጠይቁ። አምስቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ በዚህ ወር መርጅ የተደረገው፤ ምርመራ የሚጠብቀውና ከስንት ቀን ጀምሮ፤ የመለኪያው ቁጥር ዛሬ ስንት እንደሆነ፤ ሥራውን ያገደው ነገር፤ ከማን ምን እንደሚፈለግ። ሁለተኛውን መስመር ስትጽፉ የቀኑን ቁጥር አትዝለሉ። «ይህ ፑል ሪኩዌስት 41 ቀን ጠብቋል» ብላችሁ ስትጽፉ እመረምራለሁ ብሎ ስሙን ያስመዘገበው ሰው በዚያው ሳምንት ሊከፍተው ይችላል።