ሱፐር ግሉውን ለባለሱቁ መልስለት

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ ያላት ፑል ቤት አለችኝ፣ ቆርቆሮ ቤት ናት። ደንበኞች የሚጫወቱባቸው አራት እንጨቶች አሉ። አምስተኛው የራሴ ነው፤ መሃሉ ላይ የሚፈታ፣ ከሰው የገዛሁት። ታዲያ ከጥር ወዲህ ኳስ በመታሁ ቁጥር ከኋላ በኩል ቅጭል የሚል ድምፅ ያሰማል። ልጆቹ «እንጨትህ ሳንቲም ዋጠ» እያሉ ያሾፉብኛል። የታችኛውን ጎማ ሳወልቀው ውስጡ ብሎን አለ፤ በካቻቢቴ ስነካው ይወዛወዛል። ጓደኛዬ «ሱፐር ግሉ አፍስስበትና ተገላገል» አለኝ። ገዝቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ላፍስስበት? ደግሞ ከታች «19» ተብሎ የተጻፈው ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሱፐር ግሉውን ካልከፈትከው ለባለሱቁ መልስለት። ከከፈትከውም የጫማህን ሶል ለጥፍበት። እንጨቱ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ እንዳትገባ።

እንዲህ የምልህ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ድሮ አቃቂ አንድ ቶርኖ ቤት ስሠራ ጎረቤቴ ልክ እንዳንተ ያለ የሚንቀጫቀጭ እንጨት አመጣልኝ። እኔ ከረንቡላ ሲጫወቱ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ የፑል እንጨት ሆድ ዕቃ አላውቅም። ብረት ሠራተኛ ደግሞ አላውቅም ማለት አይወድም። ኢፖክሲ የሚሉትን ጠንካራ ማጣበቂያ በጥብጬ ብሎኑ ላይ ሞላሁበት። ድምፁ ድርግም አለ። ጎረቤቴ መርቆኝ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መጣና «ከበደኝ፣ ቀለል ያለ ብሎን ቀይርልኝ» አለኝ። ብሎኑን ማን ያውጣው! መሰርሰሪያ ይዤ ገባሁ። መሰርሰሪያ ብረት ሲጠነክርበት ወደ ለስላሳው እንጨት ይሸሻል። ሸርተት አለና በጎን በኩል፣ በዚያ በሚያብረቀርቀው ቀለም መሃል፣ ጫፉን ብቅ አደረገ። ያቺ ቀዳዳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። የእንጨቱን ዋጋ ከፍዬ እስክጨርስ ሁለት ደመወዝ ፈጀብኝ።

ብሎኑ እዚያ የገባው እንዲወጣና እንዲቀየር ነው። «19» የምትለውም ቁጥር የእሱ ጉዳይ ናት። ክብደት ናት፣ በአውንስ። አንድ አውንስ 28 ግራም ከምናምን ነው። ስለዚህ ያንተ እንጨት ወደ 539 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 21 አውንስ ናቸው፤ በእኛ ሚዛን ከ510 እስከ 595 ግራም። ነጯ ኳስ 170 ግራም ገደማ መሆኗን አስበህ አስተያየው። ረጅም ብሎን ሲገባ እንጨቱ ይከብዳል፣ አጭር ሲገባ ይቀላል። ከሰው ስለገዛኸው ግን ቁጥሩን ብዙ አትመነው፤ የቀድሞው ባለቤት ብሎኑን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። አትክልት ቤት ያለው ዲጂታል ሚዛን ላይ አጋድመህ መመዘን ነው። ባለቤቷ ትስቅብህ ይሆናል እንጂ ታስመዝንሃለች።

ለምን ላላ? እንጨት ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል። ብረቱ ግን ባለበት ነው። ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ቀን ምድጃ፣ ሌሊት ፍሪጅ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ብሎኑ እንጨቱ ላይ የነከሰው ጥርስ እየተፈጨ ይሄዳል። ሌላው ኳስ በሳተ ቁጥር እንጨቱን ሲሚንቶ ላይ ድም የሚያደርግ ሰው ነው። ደንበኞችህን ተዋቸው፣ አንተ ራስህ ታደርገዋለህ አይደል?

አሁን ወደ ሥራው። ብሎኑ ሲወዛወዝ አይተኸዋል፤ ግን ድምፁ የእሱ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ። መጀመሪያ የሚፈታውን መሃሉን ጠበቅ አድርገህ እሰር። እዚያ ጋ ትንሽ ከላላ እንኳ ይጮሃል። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ያለችውን ቆዳ በጥፍርህ ገፋ አድርጋት፤ አንድ ጎኗ ከተነሳ እሷም ቀጭ ትላለች። ከዚያ ብሎኑን ጨርሰህ አውጣና ያለ እሱ ሁለት ሦስት ኳስ ምታ። እንጨቱ ይቀልሃል፣ ግድ የለም፣ ለሙከራ ነው። ድምፁ ከጠፋ ሌባው ተያዘ። ካልጠፋ ወደ መሃሉና ወደ ጫፉ ተመለስ።

ማውጣቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። አንዳንዱ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ የካቻቢቴ መስመር አለው። ሌላው ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ነው፣ አለን ኪ የሚገባበት። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ አጭሩ ቁልፍ አይደርስም፤ ረጅም ያስፈልግሃል። ቀን ካለህ እንጨቱን ይዘህ ምናለሽ ተራ ውረድና እዚያው እየለካህ ግዛ። በኢንች የተሠሩ ብሎኖች ብዙ ናቸው። የሚሊሜትር ቁልፍ ገባ ብሎ ሊያታልልህ ይችላል። የሚወላገድ ከሆነ አታስገድደው፤ ጭንቅላቱን ይበላዋል፣ ያኔ የእኔ ዕጣ ይደርስሃል።

ከወጣ በኋላ ጉድጓዱን አራግፍ። ዱቄት የመሰለ እንጨት ይወርዳል፤ ያ ነው የተፈጨው ጥርስ። ከህንፃ መሣሪያ ሱቅ ነጩን የቧንቧ ቴፍሎን ግዛ። ከሱፐር ግሉ የተሻለ ጓደኛ እሱ ነው። የብሎኑን ጫፍ ወደ ራስህ አዙርና ቴፍሎኑን በሰዓት ዘንግ አዙሪት ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልል። በተቃራኒው ከጠቀለልከው ብሎኑ ሲገባ እየተተረተረ ይሰበሰባል።

አሁን የምነግርህን ቶርኖ ላይ ነው የተማርኩት። ብሎኑን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጥና መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደሚፈታበት አዙረው። ቀስ ብለህ፣ በቁልፉ ክብደት ብቻ። የሆነ ቦታ ላይ ጠብ ሲል በእጅህ ይሰማሃል። የድሮው ጥርስ አፍ እዚያ ነው። ከዚያ ወደፊት አዙር። እንዲህ ካላደረግህ ብሎኑ አዲስ መንገድ ይቆርጣል፤ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ እንጨት ደግሞ የሚይዘው ነገር የለውም። ሲገባ ትንሽ ከበድ ሊልህ ይገባል። ታች ሲደርስ ከዚያ በላይ ሩብ ዙር፣ በቃ። «ላጥብቀው» ብለህ በጉልበት ከገፋኸው እንጨቱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ በምንም አይጠገንም፤ ኮላ ብትቀባው እንኳ ሲመታ ያስታውቃል።

ብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር፣ የትም የማይነክስ ከሆነ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው። ያኔ የአናጺ ኮላ በቀጭኑ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀባ። ብሎኑን ግን አታስገባ! ያለ ብሎኑ ነው የሚደርቀው። ጎማውን ሳትገጥም እስከ ነገ ተወው። ነገ ብሎኑን ሻማ እያሸህ አስገባው። ኮላው ግድግዳውን ያወፍረዋል፣ ሻማው ደግሞ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ይህም ካልያዘ ወደ እኔ ሙያ ሰዎች፣ ቶርኖ ቤት ውሰደው።

ደንበኞች የሚጫወቱባቸውን አራቱን ደግሞ እንዳትፈታታ። አንድ ወጥ የሆኑት ብዙዎቹ የሚወጣ ብሎን የላቸውም። እነሱ ከጮሁ ብዙ ጊዜ ከጎማው ወይም ከጫፉ ቆዳ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአያት ነኝ። ልጄ በስጦታ ያገኘውን የፑል እንጨት ግድግዳ አስደግፎ ትቶት ጎብጧል። መሃሉ ላይ ለሁለት የሚፈታ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ነክረው ቢያጎብጡት ይስተካከላል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ውሃ አታስነኪው። ቀለሙ ይነሳል፣ እንጨቱ ያብጣል፤ ቀጥ ቢል እንኳ ሲደርቅ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። ይልቅ ፍቺውና ሁለቱን ክፍል ለየብቻ ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ አንከባሊያቸው። የጎበጠው ዘለል ዘለል ይላል፣ ከሥሩም ብርሃን ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚጎብጠው ቀጭኑ የፊተኛው ነው። እሱ ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ መግዛት ይቻላል። ግን የኋላውን ይዘሽ ሂጂና ሱቁ ውስጥ አስረሽ ሞክሪው፤ የማሰሪያው ጥርስ ከእንጨት እንጨት ይለያያል። አዲሱን ደግሞ ልጅሽ ግድግዳ ከሚያስደግፈው አጋድሞ አልጋ ሥር ያስቀምጠው።