«በ3 እጥፍ ይበልጣል» ሲባል ስንት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ «ሳራ 6 እርሳሶች አሏት። ዮናስ ከሳራ በ3 እጥፍ የሚበልጡ እርሳሶች አሉት። ዮናስ ስንት እርሳሶች አሉት?» ልጄ 24 ብላ መለሰች። መምህሯ 18 ነው ብለው አረሟት። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 9 ነው ብሎ ይከራከራል። «በ3 እጥፍ ይበልጣል» እና «3 እጥፍ ነው» አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? «እጥፍ» ብቻውን ሁለት ማለት ከሆነስ «3 እጥፍ» ስድስት ማለት አይሆንም?

መልስ፦ መምህሯ የጠበቁት 18 እንደሆነ ጥርጥር የለውም፤ ዛሬ አብዛኛው አማርኛ ተናጋሪም ይህን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ 18 ይላል። ይሁን እንጂ ልጅዎ 24 ያለችው የሒሳብ ስሌት ስቶባት ሳይሆን የአማርኛን ሰዋስው አክብራ በማንበቧ ነው፤ ስለዚህ በደብተሯ ላይ የተሠመረው ቀይ መስመር ከእርሷ ይልቅ ለጥያቄው ጸሐፊ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ታናሽ ወንድሟ «እጥፍ» የሚለውን ቃል ዘልሎታልና መልሱ አይያዝለትም፤ ነገር ግን ወደ 9 የመራው «በ» ጉዳዩን ለመረዳት ዋናው ቁልፍ ነው።

«በለጠ» የሚለው ግስ በንጽጽር ውስጥ ሁለት መስተዋድዶችን ያስከትላል። «ከ» መነሻውን፣ ማለትም የምናነጻጽርበትን ነገር ያሳያል፤ «በ» ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል። «ዮናስ ከሳራ በ3 ዓመት ይበልጣል»፣ «ይህ ገመድ ከዚያኛው በ5 ሜትር ይረዝማል» ስንል «በ» የተሸከመው ቁጥር ምንጊዜም ትርፉ ነው። ዐረፍተ ነገሩ «በ3 እርሳሶች የሚበልጡ» ቢል ኖሮ ታናሽየው በትክክል 9 ባገኘ ነበር። እንግዲህ ይህን ሕግ በሚገባ የያዘች ልጅ «በ3 እርሳሶች» በነበረበት ቦታ «በ3 እጥፍ» ስታገኝ ምን ታድርግ? 3 እጥፉን እንደ ልዩነት ትወስዳለች፤ የ6 ሦስት እጥፍ 18 ነው፤ ዮናስ ሳራን የሚበልጠው በ18 ከሆነ ያለው 24 ነው። በዚህ አካሄድ ውስጥ አንድም የተሳሳተ እርምጃ የለም።

ለእርሷ የሚመሰክርላት ሌላም አነጋገር አለ። «ቁጥሩ በእጥፍ ጨመረ» ስንል ሁለት እጥፍ ሆነ ማለታችን እንደሆነ ሁሉም ይስማማል፤ 10 የነበረው 20 ሆነ፣ የተጨመረውም 10 ነው። «በአንድ እጥፍ ጨመረ» ብንልም ያው ነው። እንግዲያው በአንድ እጥፍ የጨመረው 20 ከሆነ፣ በሁለት እጥፍ የጨመረው 30፣ በሦስት እጥፍ የጨመረው 40 ሊሆን ይገባል። ይህ ከመቶኛ ስሌት ጋርም በትክክል ይገጥማል፦ በ100 ከመቶ የጨመረ ነገር ሁለት እጥፍ፣ በ200 ከመቶ የጨመረ ሦስት እጥፍ፣ በ300 ከመቶ የጨመረ አራት እጥፍ ይሆናል። ሆኖም «በሁለት እጥፍ ጨመረ» የሚለውን ዜና ሰምቶ ሦስት እጥፍ ሆነ ብሎ የሚረዳ አድማጭ ጥቂት ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ዜናውን በምን ስሌት እንደጻፈው ማረጋገጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ፤ ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ብዘገይበት ይፍቀዱልኝ። «እጥፍ» ከ«አጠፈ» የወጣ ስም ነው፤ «አጠፈ» ደግሞ የግእዙ «ዐጸፈ» ነው። «ጾመ» «ጦመ»፣ «ጸጉር» «ጠጉር» እንደሆነ ሁሉ የግእዙ «ጸ» በአማርኛ «ጠ» መሆኑ የታወቀ መንገድ ነው። ከዚሁ ግስ «ዐጽፍ» ይወጣል፤ በሌላ ልብስ ላይ የሚደረብ መጎናጸፊያ ማለት ነው። ዐረብኛው ሁለት እጥፍን «ዲዕፍ» ይለዋል፤ ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው ነው እንጂ ሥሩ አንድ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። («አጠፋ» ግን ከ«ጠፋ» የመጣ ሌላ ግስ ስለሆነ ከዚህ ዝምድና ውጭ ነው፤ ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ ጽሑፎች ስላየሁ ነው የማነሣው።) ስለዚህ የ«እጥፍ» መሠረታዊ ሐሳብ መደረብ ነው፤ አንዱ ነገር ላይ ያንኑ የሚያህል ሌላ ሲደረብ ሁለት ይሆናል፤ ቃሉ ያለ ቁጥር ሲነገር «ሁለት» የሚል ትርጉም የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች እንዲህ ይከራከራሉ፦ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ 2 ድርብ፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 4፣ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ድርብ ይሆናልና «3 እጥፍ» በጥንተ ትርጉሙ 8 ነው። ሌሎች ደግሞ እርስዎ እንደጠረጠሩት፣ እጥፍ 2 ከሆነ 3 እጥፍ 6 ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በ«3 እጥፍ» ውስጥ የሚቆጠረው የማጠፉ ድርጊት አይደለም፣ «ሁለት» የሚለው ትርጉምም አይደለም፤ የሚቆጠሩት እኩል የሆኑት ድርቦች ናቸው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከግእዝ ይገኛል። ግእዝ ለእጥፍ «ምክዕቢት» ይላል፤ ቃሉ «ደረበ፣ ሁለት አደረገ» ከሚለው «ከዐበ» የወጣ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያውቀው «ካዕብ»፣ የ«ሀ» ሁለተኛ የሆነው «ሁ»፣ ከዚሁ ሥር ነው። ከሁለትነት ጋር እንዲህ የተጣበቀ ቃል ሆኖ ሳለ ግን «ምእተ ምክዕቢት» ሲባል መቶ እጥፍ ማለት ነው እንጂ ሁለት መቶ ማለት አይደለም። ግእዝ ከቁጥሩ ከራሱም ስም ማውጣት ይችል ነበር፤ ከ«ሰብዐ» «ምስብዒት»፣ ሰባት እጥፍ፣ ብሏል። አማርኛ ይህን ሁለተኛ መንገድ ባለመውረሱ አዝናለሁ፤ ቢወርሰው ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። በኦሪት ዘጸአት በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው በአንዱ በግ ፈንታ 4 በጎች እንዲመልስ ታዝዟል፤ በሉቃስ ወንጌል ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ሲናገር በዚያ ሕግ ቋንቋ ነው የሚናገረው። የአማርኛው «አራት እጥፍ» እዚያ 4 ነው፤ 5ም 8ም 16ም አይደለም። «እጥፍ ድርብ» የሚለው የዘወትር አነጋገራችንም ሁለትን በሁለት አባዝቶ 4 የሚል ቁጥር አይሰጥም፤ ብዛትን ብቻ ያጎላል። ስለዚህ «የሳራ 3 እጥፍ» 3 ጊዜ 6፣ 18 ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም።

የሚቀረው አከራካሪ ነገር «ይበልጣል» ነው። የእኔ አቋም የቆየና የማይለወጥ ነው፤ «በለጠ» ለልዩነት፣ «ነው» ወይም «ያህላል» ለእጥፍ መዋል አለባቸው፤ ሁለቱን ማደባለቅ የመደመርንና የማባዛትን ንጽጽር በአንድ ቃል መጠቅለል ነው። ነገር ግን የሚቃወመኝን ማስረጃ ደብቄ ማለፍ አይገባኝም። በዘፍጥረት 43 ዮሴፍ ወንድሞቹን ሲጋብዝ የብንያም ድርሻ ከሌሎቹ ድርሻ አምስት እጅ እንደበለጠ ይነገራል፤ ዕብራይስጡ ራሱ የሚጠቀመው ግስ «በዛ፣ በለጠ» ማለት ነው፤ ይህን የሚያነብም ሁሉ አምስት ያህል አገኘ ብሎ ይረዳዋል፤ ስድስት የሚል የለም። እንግዲህ «መብለጥ»ን ከእጥፍ ጋር ማስኬድ የዛሬ ልጆች ወይም የጋዜጠኞች ፈጠራ አይደለም፤ ሥሩ ጥልቅ ነው። ልማዱ ከእኔ ምርጫ ርቆ ሄዷል፤ «በ3 እጥፍ ይበልጣል» ለብዙኃኑ «3 እጥፍ ነው» ማለት ሆኗል፤ ይህን መካድ አልችልም። ለንግግርና ለትረካ ይሁን እላለሁ። አንድ ልጅ ትክክለኛ ቁጥር እንዲያወጣ በሚጠየቅበት የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ግን ሁለት መልስ የሚሸከም ዐረፍተ ነገር ቦታ ሊኖረው አይገባም።

በዚያ ምዕራፍ ያለው «እጅ» የሚለው ቃል ሳይነሣ ቢታለፍ ቅር ይለኛል። ዕብራይስጡም በዚያው ቦታ «አምስት እጆች» ነው የሚለው፤ በሁለቱም ቋንቋዎች የሰውነት ክፍል የሆነው እጅ የድርሻ መቁጠሪያ ሆኗል። «የሳራን ሦስት እጅ ያህላል» የሚለው አነጋገር ለጆሮዬ ከ«እጥፍ» ይልቅ ይጥመኛል፤ መታጠፍ የሚባል ምስል ስለሌለበትም ስለ 8 እና ስለ 6 የሚነሣውን ክርክር ከሥሩ ያደርቀዋል። ለመማሪያ መጽሐፍ ግን አላቀርበውም፤ «ከመቶ 20 እጅ»፣ «ከሦስት ሁለት እጅ» እየተባለ «እጅ» ዛሬ በይበልጥ ከአንድ ሙሉ ነገር ተቆርጦ ለሚወሰድ ክፍል ስለዋለ፣ ልጆችን ከብዜት ወደ ክፍልፋይ ሊወስዳቸው ይችላል።

ለልጅዎ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅማት ግን መነሻውን መለየት ነው። ብዙ ልጆች «እጥፍ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ወዲያው ያባዛሉ። ጥያቄው ተገልብጦ «ሳራ 18 እርሳሶች አሏት። የሳራ እርሳሶች የዮናስ እርሳሶች 3 እጥፍ ናቸው። ዮናስ ስንት አለው?» ቢል 18ን በ3 አባዝተው 54 ይላሉ፤ መልሱ ግን 6 ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ እርዳታ ያደርጋል፤ እንደ አንድ የሚቆጠረው ነገር ሁልጊዜ «የ» ወይም «ከ» ተሸክሞ ይመጣል። «የዮናስ 3 እጥፍ» ከተባለ አንዱ ክፍል ዮናስ ነው፤ ሳራ ሦስቱ ናት፤ የሳራ ከታወቀ ይካፈላል፣ የዮናስ ከታወቀ ይባዛል። ልጅቱ ከ«እጥፍ» በፊት በቅርብ የቆመውን «የ» ብትፈልግ፣ ለዮናስ አንድ ሳጥን፣ ለሳራ ሦስት እኩል ሳጥኖች ብትሥል፣ ማባዛት ይሁን ማካፈል ራሱ ይታያታል።

እንዲያውም የቃላት ቅደም ተከተላችን ሌሎች የሌላቸውን ዕድል ይሰጠናል። ተማሪዎች የመምህራን 6 እጥፍ መሆናቸውን ቁጥሮቹን በፊደል ወክለው በእኩልታ እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰዎች ሳይቀሩ እኩልታውን ገልብጠው የተማሪዎቹን ቁጥር በ6 እንደሚያባዙ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል በተደረጉ ጥናቶች በሰፊው ታይቷል፤ በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር «6» ከ«ተማሪዎች» አጠገብ ስለሚቆም ዓይን ይሳሳታል። በአማርኛ ግን «ተማሪዎቹ የመምህራኑ 6 እጥፍ ናቸው» ሲባል 6 የሚጎራበተው መባዛት ካለበት ከመምህራኑ ጋር ነው፤ በተነገረበት ቅደም ተከተል ቢጻፍ ተ = መ × 6 ይሆናል፤ ይህም ትክክለኛው እኩልታ ነው። ጥያቄ ጸሐፊዎች ይህን የመሰለ የጠራ መዋቅር በእጃቸው እያለ ወደ «በ6 እጥፍ ይበልጣሉ» ለምን እንደሚሸሹ አይገባኝም።

ከሁሉ የሚከፋው የዚህ አነጋገር ተቃራኒ ስለሆነ እርሱንም ልጥቀስ፤ «በ3 እጥፍ ያንሳል» የሚል ጥያቄ በልጅዎ ደብተር ላይ ሊመጣ ይችላልና። «በ» ልዩነትን ይለካል ካልን፣ ከ18 በ3 እጥፉ የሚያንስ ነገር ከ18 ላይ 54 ተቀንሶለት ከዜሮ በታች ሊወርድ ነው፤ እንዲህ ያለ የእርሳስ ቁጥር የለም። ጸሐፊው የሚፈልገው 6 ነው። እዚህ ላይ ልጅዎ እንደ ቀድሞው በሰዋስው ብትሄድ መልስ አታገኝም፤ ስለዚህ «ያንሳል»ን ከ«እጥፍ» ጋር ስታይ ማካፈል እንደተፈለገ ብትገነዘብ ይበቃታል። እርስዎ ጥያቄውን አስተካክለው ቢጽፉላት ግን «የዮናስ እርሳሶች የሳራ እርሳሶች ሲሶ ናቸው» ይበሉ፤ በክፍል ውስጥ «አንድ ሦስተኛ» የሚለው ስለተለመደ እርሱም ያስኬዳል።