የእህቴ ልጅ በጉዲፈቻ ሄደ፤ ስሙ ግን እቤት አይነሳም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ታናሽ እህቴ ጨቅላ ልጇን በጉዲፈቻ ከሰጠች አሥር ወር ሆናት። ማንም አላስገደዳትም፤ አስባበት ነው። አሳዳጊዎቹ በተስማሙት መሠረት ፎቶና ደብዳቤ ልከውላት ነበር። ፖስታውን ሳትከፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እናታችን «ቁስሏን አትነካኩ፣ ትርሳው» ብላ የልጁን ስም እንዳናነሳ ከልክላናለች። እህቴ ሥራ ትውላለች፣ ትስቃለች። ማታ ማታ ግን ስታለቅስ እሰማታለሁ። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የልጁን ስም ጥሪላት። ለብቻችሁ ስትሆኑ «ዛሬ እሱን ሳስበው ዋልኩ» በያት። ብታወራ ስሚያት፤ ዝም ብትልም አትጎትጉቻት። ስሙን የሚያነሳ አንድ ሰው እቤት ውስጥ እንዳለ ትወቅ።

«ትርሳው» የሚባለው ለክፋት አይደለም። ግን ብዙ እናቶችን ጎድቷል። በአውስትራሊያ ያላገቡ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲሰጡ ይገደዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላም «እርሺውና ኑሮሽን ቀጥይ» ይባሉ ነበር። አልረሱም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጁሊያ ጊላርድ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። እህትሽ የሰጠችው በፈቃዷ ነው፤ ነገሩ ይለያል። በፈቃድ መስጠት ግን ሐዘንን አያስቀርም። «ራሷ ወስና ምን ያስለቅሳታል?» የሚል ዘመድ በሥራዬ ብዙ አጋጥሞኛል፤ ሁሌም ያመኛል። ሞት ቢሆን ሰው መጥቶ ያጽናናት ነበር። ልጇ በሕይወት ስላለ ግን ማንም «አይዞሽ» አላላትም።

«ሌላ ትወልጃለሽ»፣ «ጥሩ ቤት ነው የገባው» አትበያት። ሁለተኛው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አፏን ያዘጋታል።

እናታችሁም የልጅ ልጅ አጥተዋል። ምናልባት ስሙ እንዳይነሳ የፈለጉት እሳቸውም ስለማይችሉት ነው። ለብቻቸው አግኝተሽ «አንቺስ እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» በያቸው። እሳቸውን ደፍሮ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፖስታው። አትክፈቺው፣ አትደብቂው፣ ለማንም አታሳዪው፤ የእሷ ነው። አለመክፈቷ ልጁን አለመውደድ አይደለም። ፎቶውን ማየት ማለት ያላየቻቸውን ወራት ሁሉ ባንዴ ማየት ነው። ከፈለገች አንቺ ቀድመሽ አንብበሽ በቃል ንገሪያት፦ ጥርስ አውጥቷል፣ ቆሞ መሄድ ጀምሯል፣ ምን ያስቀዋል። ፎቶውን ሌላ ቀን ታየው። አንቺ ጋ እንዲቀመጥ ከፈለገችም ያዢላት።

አሳዳጊዎቹ ግን ዝምታዋን «አትፈልግም» ብለው ሊተረጉሙት ይችላሉ። ብዙ ቦታ እንዲህ ያለው የመጻጻፍ ስምምነት በሕግ አያስገድድም፤ የቆመው በመልካም ፈቃድ ነው። ስለዚህ እሷ ከተስማማች ጉዳዩን በያዘው ድርጅት በኩል ሁለት መስመር ይድረሳቸው፦ «ደርሶኛል። አሁን መመለስ አልቻልኩም። እባካችሁ መላካችሁን አታቁሙ።» አድራሻዋ ወይም ስልኳ ከተቀየረም ለድርጅቱ ታሳውቅ። በዚህች ትንሽ ነገር ብቻ ግንኙነት ሲቋረጥ አይቻለሁ።

የመጀመሪያ ልደቱ እየደረሰ ነው። ቀኑን እንዴት ልታሳልፈው እንደምትፈልግ ቀደም ብለሽ ጠይቂያት። ብቻዬን ልሁን ካለችም ይሁን።

አንድ ነገር እንዳትዘነጊ፦ እህትሽ በቅርብ የወለደች ሴት ናት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ ሕፃኑ እቤት ባይኖርም። እንቅልፍና ምግብ ከራቃት ሐኪም ጋ ውሰጃት፤ መውለዷንም ይወቁ። መኖር አስጠላኝ ካለች ለነገ አትበይ፣ ያንኑ ቀን ሂዱ።

ምክርም ያስፈልጋታል። በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጉዲፈቻ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሄግ ስምምነት የእናት ፈቃድ ከወሊድ በኋላ ብቻ እንዲሰጥ፣ ከመፈረሟም በፊት እንደ አስፈላጊነቱ ምክር እንድታገኝ ይደነግጋል። ከፊርማው በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ስልክ የሚደውልላት የለም። እናንተ ለድርጅቱ ደውሉ። ለወላጅ እናቶች የሚሰጥ ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ፤ የሚመደብላት ሰውም የአሳዳጊዎቹን ጉዳይ የያዘው ባይሆን ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለችሽ አብረሻት ሂጂ፤ ወደ ውስጥ ግን ብቻዋን ትግባ።